የእኔን ጾም የያዘችው እናቴ

ስኳር እንዳለብኝ የሚሰማ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ ስለ መርፌው ነው። «በየቀኑ መወጋቱ አይከብድሽም?» ይሉኛል። መርፌ ይለመዳል። እኔ እስከ ዛሬ ያልለመድኩት በጾም ቀን ጠዋት መብላትን ነው። ደባርቅ ላይ፣ በሁዳዴ፣ ሰው ሁሉ ከንፈሩ ደርቆ ዘጠኝ ሰዓትን ሲጠብቅ አንዲት ጤነኛ መሳይ ሴት ጉንጯን ሞልታ ስታላምጥ መታየት ምን ያህል እንደሚያሸማቅቅ ያልደረሰበት ሰው አያውቀውም።

ሥራዬ መምህርነት ነው፤ ሳይንስ አስተምራለሁ። በጾም ወራት ቁርሴን የምበላው በትምህርት ቤቱ ቤተ ሙከራ ውስጥ፣ በሩን ከውስጥ ቀርቅሬ፣ ስለ ሰው አካል የምናስተምርበት የፕላስቲክ አጽም አጠገብ ቆሜ ነበር። እሱን አላፍረውም። ከደጅ የተማሪ ኮቴ ስሰማ ማላመጤን አቆማለሁ፤ ኮቴው ሲያልፍ እቀጥላለሁ። ቢያገኙኝም ምንም አይሉኝም፤ መታመሜን ያውቃሉ። ቢሆንም እደበቅ ነበር።

ፈቃድማ አለኝ። የንስሐ አባታችን ገና ልጅ ሳለሁ እናቴን አስቀምጠው፣ «መድኃኒቱ ያለ ምግብ የሚጎዳት ከሆነ ትብላ። ለታመመ ሰው ጾም አልተሠራም፤ እኔ ፈትቻታለሁ» ብለዋታል። እናቴ መስቀላቸውን ተሳልማ አመሰገነች። ቀጥላ ደግሞ፣ «እንግዲያስ የእሷን እኔ እይዝላታለሁ፣ አባቴ» አለች። አያስፈልግም ቢሏት አልሰማቻቸውም።

ያለችውንም አደረገች። ሌላው ሰው በሁዳዴ በዘጠኝ ሰዓት ሲፈታ እሷ ፀሐይ እስክትጠልቅ ትቆያለች። ብዙ ሰው የማይጾመውን የጽጌን ጾም ትጾማለች፣ ጳጉሜንም ትጾማለች። የትንሣኤ ሰሞን ሲደርስ ደግሞ አክፍሎት ትይዛለች፤ ከሐሙስ ጀምሮ ትንሣኤው እስኪበሰር እህልም ውኃም አትቀምስም። ሰው ሲጠይቃት፣ «ግማሹ የኔ ነው፣ ግማሹ የልጄ» ትላለች። ባደግኩበትና እናቴ በምትኖርበት በዳባት ያሉ ጎረቤቶቻችን ይህን ሲያወሩ ዓይናቸው እንባ ያቀርራል። እናት ማለት እንዲህ ናት ይላሉ። እኔ አንገቴን ደፍቼ እሰማለሁ። እነሱ የማያውቁትን ነገር እኔና እሷ እናውቅ ነበር።

የታመምኩት በሁዳዴ ነው። አሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት እስከ ቀትር መጾም ጀምሬ ስለነበር የእናቴ ኩራት ልክ አልነበረውም፤ ቤተ ክርስቲያን ስንሄድ ለሴቶቹ ሁሉ ትነግራቸው ነበር። በዚያ ዓመት ግን ውኃ ጥም ያዘኝ። እንዴት ያለ ጥም እንደሆነ ለሰው ለማስረዳት ብዙ ጊዜ ሞክሬ አልሆነልኝም። ጠጥቼ ጣሳውን ሳላስቀምጥ ይጠማኝ ነበር። እናቴ ደጅ ስትወጣ ወደ ገንቦው እሮጣለሁ። መጀመሪያ መከረችኝ። ቀጥላ ተቆጣችኝ። አልመለስ ስላት በሰው ፊት ላዋርዳት የተነሣሁ መሰላትና ከአጥሩ የወይራ ልምጭ ቆርጣ ገረፈችኝ። አንድ ቀን ብቻም አይደለም። እየተገረፍኩ እንኳ ዓይኔ ከገንቦው አልተነቀለም።

ጥቂት ቆይቶ ከተኛሁበት መነሣት አቃተኝ። በአውቶቡስ ጎንደር ወሰዱኝ። እዚያ ሐኪሙ እናቴን፣ «ውኃ አብዝታ ትጠጣ ነበር?» ብሎ ጠየቃት። እናቴም፣ «ኧረ እኔ አላየሁም» አለች። ዓይኔ ተጨፍኗል እንጂ ጆሮዬ ይሰማ ነበር። በኋላ ነቅቼ ስንተያይ መስማቴን ከፊቴ አወቀችው። ከዚያ ወዲህ ስለዚያ ልምጭ አንድም ቃል ተነጋግረን አናውቅም። እሷ ለሁለት መጾም ጀመረች፤ እኔ መብላት።

አሁን ለመጻፍ የሚከብደኝ ላይ ደረስኩ። እናቴ ስትጾምልኝ አዝን ነበር ብል ውሸት ነው። ደስ ይለኝ ነበር። አስተማሪ ሆኜ ደባርቅ ከተመደብኩ በኋላ ለበዓል ወደ ዳባት ስወርድ ጉንጯ ጎድጉዶ፣ የጣቷ ቀለበት ላልቶ አገኛታለሁ። «እማ፣ ኧረ ተይ፣ ራስሽን አትጉጂ» እላታለሁ። ሰው እንዲሰማኝ ጮክ ብዬ ነው የምለው። ሆዴ ውስጥ ግን አንዲት የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ እጇን አጣጥፋ ቁጭ ብላ ታያለች፤ ገና አልበቃትም ነበር።

«ቁልፏ» እያልኩ የምጠራት የስኳር መለኪያ የመጣችው በዚህ መሀል ነው። ታናሽ ወንድሜ ደባርቅ ውስጥ አስጎብኚ ነው፤ ፈረንጆችን ይዞ ወደ ስሜን ተራሮች፣ ወደ ጊች ይወጣል፣ አንዳንዴም እስከ አምቢኮ ይዘልቃል። አንድ የገና ሰሞን ይዟት የወጣው ፈረንጅ ሴት ክንዷ ላይ ከካፖርት ቁልፍ ትንሽ ከፍ የምትል ነጭ ነገር ተለጥፋ ያያል። ሴትዮዋ ባረፉ ቁጥር ስልክ የመሰለ ማንበቢያ አውጥታ ወደ ክንዷ ታስጠጋለች፤ ቁጥሩን አይታ ወይ ብስኩት ትበላለች፣ ወይ መንገዷን ትቀጥላለች። ወንድሜ አይቶ ዝም ማለት የማይሆንለት ሰው ነውና ጠየቃት። ስኳር አለብኝ አለችው። «እህቴም አለባት» አላት። ከተራራው ሲወርዱ እሷ ቁጥሩን በስልኳም ማንበብ እንደምትችል ነግራው ማንበቢያውንና የተረፏትን ቁልፎች ላከችልኝ። ከዚያ በኋላም ወደ ስሜን የሚመጣ የአገሯ ሰው ባገኘች ቁጥር ትልክልኝ ነበር። አይቻት አላውቅም፤ ከማንም በላይ ግን የሕመሜን ነገር ያወቀችልኝ ሴት እሷ ትመስለኛለች።

አንዷ ቁልፍ ክንድ ላይ ሁለት ሳምንት ትቆያለች። ከሥሯ ፀጉር የምታህል ክር ከቆዳ ውስጥ ትገባለች፤ ስትገባ ቆንጠጥ ታደርጋለች እንጂ አታምም። ከዚያ በኋላ ማንበቢያውን ባስጠጋሁ ቁጥር ስኳሬ ስንት እንደሆነ ትናገራለች። ቀኑን ሙሉ የሄደበትንም በመስመር ታሳያለች፤ ከቁጥሩ ጎን ደግሞ ወደየት እያመራ እንደሆነ የምትጠቁም ቀስት አለች። ከዚያ በፊት ስኳሬን የማየው ጣቴን ወግቼ፣ ያውም መመርመሪያው ከተገኘ ነበር። በሁለቱ ምርመራዎች መሀል ደሜ የት ውሎ የት እንዳደረ የሚያውቅ አልነበረም። ያ አለማወቅ ይመቸኝ እንደነበር የገባኝ ሲቀርብኝ ነው።

ሰዉ ቁልፏን እንደየልቡ ተረጎማት። ተማሪዎቼ ካሜራ ናት አሉ፤ ለአንድ ሳምንት ያህልም ክፍሌ እንደዚያ ጸጥ ብሎ አያውቅም። ጎረቤቶቼ ደግሞ በክንድ የሚቀበረው የወሊድ መከላከያ ናት ብለው ተስማሙ። ባል የሌላት መምህርት ይህን ያህል በግላጭ መለጠፏ ነው ያስገረማቸው። አንዷ ጠጋ ብላ፣ «እህቴ፣ ሌላው ሰውኮ ከቆዳው ሥር ነው የሚያስቀብረው» ብላ መከረችኝ። ረጅም እጅጌ መልበስ ጀመርኩ። የደባርቅ ብርድ ሰበብ ስለሆነልኝ ለምን ያለኝ የለም።

ቁልፏ ግን ከጎረቤት የባሰች ነበረች። ለሐኪሜ ጠላ የሚባል አልነካም እያልኩ የኖርኩት ሴት ከሰው ዝክር ስመለስ መስመሯ ዳገት ወጥታ ትጠብቀኛለች። ጥቂት ብቻ ነው የበላሁት ብዬ ራሴን ላታልል ስል አትቀበለኝም። «እኔኮ ፖሊስ ነው ያመጣሁልሽ» እያለ ወንድሜ ይስቅብኝ ነበር። በሌላ በኩል ደግሞ ልቤን አሳርፋልኛለች። ማስተማር ላይ ሳለሁ ስኳሬ ወርዶ ተማሪ ፊት እንዳልወድቅ ስለምፈራ ሳይርበኝም እበላ ነበር። አሁን ጠመኔዬን አስቀምጬ ማንበቢያውን ወደ ክንዴ አስጠጋለሁ፤ ደህና ከሆነ ጠመኔዬን አንሥቼ እቀጥላለሁ። ያለ ፍርሃት መብላትና ያለ ፍርሃት አለመብላት እንደሚቻል ያየሁት ያኔ ነው።

ሁዳዴ ገባ። በደብረ ዘይት ሳምንት አንድ ጠዋት ስኳሬ ዝቅ ብሎ ስላገኘሁት መድኃኒቴን ቀነስ አድርጌ ወሰድኩ። ቁርሴን ልበላ ስል ለፈተና ቁጥጥር ተጠራሁ። ዳቦዬን በቦርሳዬ፣ ከረሜላዬን በኪሴ ይዤ ገባሁ። ልጆቹ ሲጽፉ በጠረጴዛው ሥር ደጋግሜ አየሁ። መስመሯ ሜዳ ላይ እንደሚሄድ ሰው ሳትወጣ ሳትወርድ ቀትር ደረሰች። በነጋታው ሆን ብዬ ሞከርኩ። ያው ሆነ።

ለክትትል ጎንደር በሄድኩበት ቀን ማንበቢያውን ለሐኪሜ አሳየሁት። ረጅም ጊዜ አየው። የጠዋቱን መጠን አስተካክሎልኝ፣ «ይህን ለሁሉም ሰው አልመክረውም» አለኝ። «አንቺ ግን ይህ ነገር ክንድሽ ላይ እስካለ ድረስ እስከ ቀትር ልትቆዪ ትችያለሽ። ቀስቷ ወደ ታች ስትዞር ካየሽ ግን ጾም የለም፤ እዚያው ትበያለሽ።»

ሲመለስ አውቶቡሱ ዳባት ላይ ቆመ። ሰው ወረደ፣ ሰው ተሳፈረ፣ ረዳቱ ጣሪያው ላይ የእህል ጆንያ ጫነ። የእናቴ ቤት ከመንገዱ ብዙም አይርቅም። በዚያ ሰዓት እህል ሳትቀምስ ደጇ ላይ ጥጥ እየፈተለች እንደምትሆን አውቃለሁ። ወርጄ፣ «እማ፣ ከዛሬ ጀምሮ የኔን ለኔ ተይልኝ» ማለት ነበረብኝ። ሹፌሩ ሞተሩን እስኪያስነሣ ድረስ ወንበሬን ይዤ ተቀመጥኩ። እርግጠኛ ልሁን፣ ጥቂት ቀን ልሞክረው፣ በከንቱ ተስፋ እንዳልሰጣት እያልኩ ደባርቅ ደረስኩ። በማግሥቱ ጠዋት ከአጽሙ ጎን ቆሜ ዳቦዬን በላሁ። ከዚያ ወዲህ ቁርሴ አልጣፈጠኝም ብል ደግ ሰው ያስመስለኛል። ጣፍጦኛል።

እናቴ የወደቀችው በቅዳም ሥዑር ነው። አክፍሎት ላይ ሳለች ከቤተ ክርስቲያን ስትወጣ ደረጃው ላይ ተዝለፍልፋ ወደቀች። ወንድሜ ደውሎ ሲነግረኝ በመጀመሪያው መኪና ወረድኩ። ጤና ጣቢያ አልጋ ላይ ተኝታ፣ ክንዷ ላይ ጉሉኮስ ተተክሎላት አገኘኋት። እጇ የሕፃን እጅ አክሏል። ነርሷ ደሟ ማነሱን፣ እንዲህ ያለውን ጾም ሰውነቷ ከእንግዲህ እንደማይችለው ነገረችኝ። እናቴ ነርሷ እስክትወጣ ጠብቃ ወደ ጆሮዬ ተጠጋች።

«ይሄ ስኳር ነው አሉኝ። በደም ሥር የገባ ጾም ያስፈታል?»

«አያስፈታም፣ እማ።»

«ያንቺም እንዳይበላሽብሽ ብዬ ነው» አለች።

ያን ጊዜ አንጀቴን በላችው። ምን ያህል ክፉ ሰው እንደሆንኩ የታወቀኝ አውቶቡሱ ውስጥ አይደለም፣ ሲደወልልኝም አይደለም፤ ይህን ስትለኝ ነው።

የትንሣኤ ዕለት ጎረቤት ሁሉ እንኳን አደረሳችሁ ብሎ ከሄደ በኋላ ሁለታችን ብቻ ቀረን። እሷ መደብ ላይ ጋደም ብላለች፤ ዶሮውን ለምልክት ያህል ቀምሳ ትታዋለች። እኔ በእጅጌዬ ላይ ቁልፏን እየነካካሁ ቆየሁና፣

«እማ፣ እኔኮ መጾም እችላለሁ» አልኳት። «እስከ ቀትር። ሐኪሙ ነግሮኛል።»

«መቼ ነው የነገረሽ?»

«በደብረ ዘይት ሰሞን።»

ዓይኗን ወደ ጣሪያው መለሰች። «ታዲያ ምነው ሳትነግሪኝ?»

በመኪናው ውስጥ ብዙ መልስ አዘጋጅቼ ነበር። ከአፌ የወጣው ግን አንዱም አይደለም። «ስትጾሚልኝ ደስ ይለኝ ነበር» አልኳት።

ትደነግጣለች ብዬ ነበር። አልደነገጠችም። «አውቃለሁ» አለች። «ደስ እንዲልሽ ነው የምጾም።»

ቀና ብላ ተቀመጠች። ድምፅዋ ቀስ ያለ ነው፣ ስለ ሌላ ሰው የምታወራ ይመስል ነበር። «ልጄ፣ ያን ጊዜ ስመታሽ አንድ ቀን አላለቀስሽ። ውኃውን ነበር የምታይ። ያ ዓይንሽ ከፊቴ ጠፍቶ አያውቅም። ለንስሐ አባቴ ተናግሬአለሁ፤ ቀኖና ሰጥተውኝ ፈጽሜአለሁ፤ እግዜር ይቅር ብሎሻል ብለውኛል። እሱስ ይበል። አንቺ መች አልሽ? ይበቃሻል እስክትይኝ ነው የምጠብቅ።»

እኔ ደግሞ ዕድሜዬን ሁሉ እሷ እንድትናገር ስጠብቅ ነበር። ሁለታችንም በአንድ ቤት ውስጥ ፊት ለፊት ተቀምጠን አንዳችን የሌላችንን አፍ ስናይ ያን ያህል ዓመት ማለፉ አናደደኝ። «ይበቃል፣ እማ» አልኳት። ወዲያው ነው ያልኩት፤ አጠገቧ ገና ሳልደርስ። «እሺ» አለች። ተላቀስን። እሷ በነጠላዋ፣ እኔ በእጅጌዬ ዓይናችንን ጠረግን፤ ነገሩ ያለቀ መሰለኝ።

ፍልሰታ ሲደርስ ትምህርት ቤት ተዘግቶ ስለነበር አዲስ ቁልፍ ለጥፌ ጾሙን አብሬአት ልጾም ዳባት ወረድኩ። ስምምነታችን ግልጽ ነበር። እሷ በንስሐ አባቷ ቃል ጠዋት ትቀምሳለች፤ እኔ እጾማለሁ። «ዘንድሮ እኔ እይዝልሻለሁ» ብያት ስቃለች። ነርሷ ጉልበት የሚሰጥ ነገር ትብላ ብላ ስለነበር በየጠዋቱ በሶውን በስኳርና በውኃ ለውሼ፣ በእጄ ጨብጬ ጭብጦ አደርግላታለሁ። እናቴ ሳህኑን ይዛ አንገቷን ትደፋለች። ፍልሰታ ሕፃን እንኳ የሚጾመው ጾም ነው፤ በዚያ ላይ የምትበላው በልጇ ፊት ነው።

«እያየሽኝ አይወርድልኝም። ውጭልኝ» ትለኛለች።

እወጣለሁ። ደጅ ቆሜ ጭቃውንና ጉሙን አያለሁ። ስመለስ ሳህኑ ባዶ ነው። «በላሽ?» ስላት «በላሁ» ትለኛለች፤ ከንፈሯን በነጠላዋ ጠርጋ። ሰው እንዳያይ መብላት ምን እንደሆነ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለምና አልመረመርኳትም። እንዲያውም ልቤ አዘነላት፤ ማዘኔም ደግ ሰው የሆንኩ አስመሰለኝ።

ከዚያ አብረን ቤተ ክርስቲያን እንሄዳለን። በፍልሰታ ቅዳሴው ቀትር ላይ ስለሚገባ ሰው የሚቀምሰው ቅዳሴው ካለቀ በኋላ ነው። ለእኔ የተፈቀደልኝ ግን እስከ ቀትር ነው። በመጀመሪያው ሳምንት የሐኪሜን ቃል አክብሬ ቅዳሴው ሳይገባ ቤት ሄጄ እበላ ነበር። በየቀኑ መስመሯ ደልዳላ ሆና ሳያት ግን ልቤ አበጠ። ደግሞ አንድ ቀን ወደ ቤት ስወጣ ሁለት ሴቶች ዞር ብለው አዩኝ። ይህን ያህል ከቆየሁ ትንሽ ብጨምር ምን አለበት አልኩ። እናቴ ለሴቶቹ ስለኔ ስትናገር መስማት የፈለግኩ ይመስለኛል፤ ያውም በዚህ ዕድሜዬ።

በሁለተኛው ሳምንት አንድ ቀን እስከ ቅዳሴው መጨረሻ ልቆይ ወሰንኩ። ዝናብ ስለነበር ሴቶቹ ሁሉ በዕቃ ቤቱ ጣሪያ ሥር ተጠጋግተን ቆመናል። ቅዳሴው ወደ ማለቂያው ሲደርስ ጉልበቴ ቀለለኝ፤ በዚያ ብርድ ጀርባዬን አላበኝ። ማንበቢያውን በነጠላዬ ውስጥ ወደ ክንዴ አስጠጋሁት። ቁጥሩ ወርዷል፤ ቀስቷም ቀጥ ብላ ወደ ታች ታያለች። ከረሜላው ኪሴ ውስጥ ነው። እጄን ኪሴ ድረስ ሰደድኩና መለስኩት። ትንሽ ነው የቀረው፣ አሁን አሰናብተውን ይወጣሉ፣ እያልኩ ቆምኩ። የቄሱ ድምፅ እየራቀብኝ ሄደ።

እናቴ አጠገቤ ነበረች። ፊቴን አላየችም፤ ያየችው በነጠላዬ ውስጥ የሚያበራውን ማንበቢያ ነው። ማንበብ አትችልም፤ ቁጥር ግን በገበያ ለምዳለች፣ ቀስቷንም እኔው ነበርኩ ያስተማርኳት።

«ወርዳለች» አለችኝ በሹክሹክታ።

«ሊያልቅኮ ነው፣ እማ።»

 የነጠላዋን ጫፍ አወጣችና ቋጠሮውን በጥርሷ ፈታችው። ውስጡ ጭብጦ ነበር። ቆርሳ አፌ ውስጥ አስገባችልኝ፤ አገጬን ይዛ፣ በሴቶቹ ሁሉ ፊት። አንዷ ዘወር ብላ ስታየን እናቴ ድምፅዋን ሳትደብቅ፣ «ታማ ነው። የኔ ልጅ መብላት አለባት» አለቻት። እኔ ስኳሩ ምላሴ ላይ ሲሟሟ ቆሜ አላምጣለሁ። ትንሽ ቆይቶ ዓይኔ ጠራልኝ፤ በእጇ የቀረውን አየሁት። ጠዋት የሠራሁላት ነው። ጣቶቼ ያረፉበት ቦታ ሁሉ ይታያል፤ ከእኔ ጉርሻ በቀር የጎደለ የለውም።

«እማ፣ ይሄ የዛሬው ነው» አልኳት።

«አላምጪ።»

«የትናንቱስ? የከትናንት በስቲያውስ?»

«ደጀ ሰላሙ ላይ ለተቀመጡት ነዳያን እሰጣቸዋለሁ። እነሱም ሰው ናቸው።»

ከንፈሯ ተሰነጣጥቋል። ያን ሁሉ ጠዋት ከእኔ እኩል፣ ከእኔም በላይ ስትጾም ኖራለች፤ እኔ ቀትር ላይ ቤት ሄጄ ስበላ እሷ ቆማ ታስቀድስ ነበር። ብቆጣት ደስ ባለኝ። «ይበቃል ብዬሽ ነበርኮ» አልኳት። 

«ማለቱንስ ብለሻል» አለችኝ። ቅሬታ አልነበረባትም። ሌላ ቁራሽ ቆርሳ መዳፌ ላይ አስቀመጠችልኝና ወደ ቅዳሴው ዞረች።

እሷ ከትናንት ጀምሮ ምንም እንዳልቀመሰች እያወቅሁ በላሁት። በትንሣኤ ዕለት ያን ቃል ስነግራት ከልቤ ነበር ወይ ብዬ ራሴን ጠየቅሁ። እሷ መንምና ተኝታ ስላየኋት፣ ፈርቼ፣ ቶሎ እንዲያልቅልኝ ነበር ያልኩት። ይህን እሷ ከእኔ በፊት አውቃው ነበር፤ ለዚህ ነው ያልበላችው።